ሰውነት የሚያውቀው በሽታና የማያውቀው፦ ከጎንደር ደጋ እስከ መተማ ቆላ

ክረምት ሲገባ ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከጎንደር ዙሪያ፣ ከሊቦ ከምከምና ከሌሎችም የደጋና የወይና ደጋ ወረዳዎች በርካታ ወጣቶች የአረም ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። መስከረም ሲጠባ የሰሊጥ አጨዳው፣ ከዚያም የማሽላው ሥራ ስለሚከተል ጉዞው እስከ ታኅሣሥ ድረስ አይቋረጥም። ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ተጓዡን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ጎንደር ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነው ሞቃት ሜዳ በአንድ ቀን ያደርሰዋል። አብዛኞቹ ተጓዦች ዳገት ለዳገት እንጨትና እህል ተሸክመው ያደጉ፣ በጉልበታቸው የሚተማመኑ ብርቱ ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ቆላ በወረዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በወባ ይወድቃሉ፤ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ደግሞ ወራት ቆይተው ካላዛር በሚባል በሽታ ሆዳቸው አብጦ፣ አካላቸው ከስቶ፣ በቤተሰብ ተደግፈው ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይመጣሉ።

እዚያው ማሳ ላይ አብሯቸው ሲያርም የዋለው የአካባቢው ተወላጅ በተመሳሳይ ትንኝ ተነድፎ፣ ብዙ ጊዜ ራሱን አሞት ሁለት ቀን ተኝቶ ይነሣል። ይህን ልዩነት ሰዎች በተለያየ መንገድ ያብራሩታል። አንዱ "አየሩ አልተስማማውም" ይላል፤ ሌላው "ውኃው ጣለው" ይላል፤ ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ "ኢሚዩኒቲው ዝቅ ብሎ ነው" የሚለው አባባል በየቤቱ ገብቷል። ይህ የመጨረሻው ዘመናዊ ቢመስልም ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የበሽታ መከላከል አቅምን እንደ አንድ ወጥ ኃይል፣ በሆነ ነገር ከፍ በሆነ ነገር ዝቅ እንደሚል መጠን ያስቆጥረዋል። እውነታው ግን የዚህ አቅም ትልቁ ክፍል ሰውነት ካጋጠሙት በሽታዎች አንድ በአንድ የተማረው መሆኑ ነው። የተማረውን ያውቃል፤ ያልተማረውን፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ጡንቻ ቢኖረው፣ አያውቅም።

ከልደት ጀምሮ ከሰው ጋር ያለ፣ ትምህርት የማይጠይቅ መከላከያ መኖሩ እርግጥ ነው። ያልተላጠ ያልተቀደደ ቆዳ አብዛኞቹን ተሕዋስያን አያስገባም፤ በአፍንጫና በመተንፈሻ ቧንቧ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ አቧራና ጀርም ይይዛል፤ የጨጓራ አሲድ ከምግብና ከውኃ ጋር የገባውን ብዙ ባክቴሪያ ይገድላል። ይህን ሁሉ አልፎ የገባ ተሕዋስ ቢኖር፣ ባዕድ ነገር ሲያገኙ ውጠው የሚፈጩ ነጭ የደም ሕዋሳት በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይደርሱበታል። በቁስል ዙሪያ የሚታየው መቅላት፣ ማበጥና ማቃጠል የእነዚህ ሕዋሳትና እነርሱ የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች ሥራ ውጤት ነው። ትኩሳትም በአብዛኛው ሰውነት ራሱ የሚያመጣው ነው፤ ሙቀቱ የአንዳንድ ተሕዋስያንን መራባት ሲያዘገይ የነጭ ሕዋሳትን እንቅስቃሴ ግን ያፈጥናል። ይህ የመጀመሪያው መከላከያ ፈጣን ቢሆንም አንዱን ተሕዋስ ከሌላው አጥርቶ አይለይም፤ ዛሬ የገጠመውን ነገም እንደ አዲስ ይገጥመዋል።

ሁለተኛውን መከላከያ ለማየት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። በባዶ እግሩ ሲሄድ እሾህ የወጋው ሰው፣ ቁስሉ ካመረቀዘ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ያወጣል። የተወጋው እግር ሆኖ እያለ ብሽሽት የሚያብጠው፣ ከሕዋሳት መካከል የሚሰበሰበው፣ ሊምፍ የሚባለው የእግር ፈሳሽ ብሽሽት ላይ ባሉት ዕጢዎች በኩል ስለሚያልፍ ነው። ከቁስሉ የተነሡ ሕዋሳት የወራሪውን ቁራጭ ይዘው ወደነዚህ ዕጢዎች ይደርሱና በዚያ ለተሰበሰቡት ሊምፎሳይት ለሚባሉ ነጭ ሕዋሳት ያሳያሉ። እያንዳንዱ ሊምፎሳይት በገጹ ላይ አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ የሚለይ መቀበያ ስላለው፣ ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል ከቁራጩ ጋር የሚገጥሙት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። እነዚህ ጥቂቶች ሲገኙ እየተከፈሉ በብዙ ሺህ ይባዛሉ፤ ንፍፊቱ የሚያብጠውና የሚያመውም በዚህ ምክንያት ነው። ከተባዙት መካከል ቢ ሕዋሳት አንቲቦዲ የተባለውን፣ ከወራሪው ጋር የሚጣበቅ ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ቲ ሕዋሳት ደግሞ ከፊሎቹ የተበከሉ ሕዋሳትን ይገድላሉ፣ ከፊሎቹ ሌሎቹን ያዛሉ፣ ያነቃሉ። ሥራው በሙሉ ኃይሉ እስኪጀመር ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ለማያውቀው በሽታ የተጋለጠ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚወድቀው በዚህ ክፍተት ነው።

በሽታው ሲያልፍ ከተባዙት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ገበሬ ለሚመጣው ዓመት እንደሚያስቀምጠው ዘር በመቅኔና በዕጢዎች ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይቆያሉ። ያው ተሕዋስ ተመልሶ ሲመጣ ሳምንታት የፈጀው ዝግጅት በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ሰውየውም መታመሙን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ጎንደር ይህን ነገር ከሕክምና ትምህርት በፊት በመከራ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟት ስለነበር፣ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙ የመሳፍንት ልጆችን እንዲያክም ተጠርቶ ነበር። ፈንጣጣ አንዴ ይዞት የተረፈ ሰው ዳግም እንደማይያዝ በዘመኑ የነበረው ሕዝብ ያውቅ ነበር፤ በሰሜን ኢትዮጵያም ከሕመምተኛው ቁስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በጭረት የማስገባት ልማድ ነበር። ልማዱ አደጋ ቢኖረውም ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰውነት በሽታውን በቀላሉ ተዋውቆ እንዲጠብቀው ማድረግ ነበርና። ከብዙ ዘመን በኋላ የክትባት ዘመቻው ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀምሮ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በ1976 ተገኘ።

ፈንጣጣና ኩፍኝ በአንድ ጊዜ ትምህርት የሚታወቁ በሽታዎች ናቸው። ወባ እንደዚያ አይደለም። የወባ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ የሚያድግ ከመሆኑም በላይ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት የተበከለው ሕዋስ ገጽ ላይ የሚያወጣቸውን ፕሮቲኖች በየጊዜው ይለዋውጣል። ሰውነት አንዱን ቅርጽ ለይቶ አንቲቦዲ ሲያዘጋጅ ተሕዋሱ ሌላ ቅርጽ ይዞ ይመጣል። በዚህ ምክንያት የወባ መከላከል አቅም የሚገኘው ከብዙ ዓመት ተደጋጋሚ ሕመም በኋላ ነው፤ ሲገኝም ከፊል ነው፤ ሰውየው ተሕዋሱን ይዞ ሊኖር ይችላል እንጂ በጽኑ አይታመምም። ከወባማው አካባቢ ርቆ ለዓመታት የኖረ ሰው ደግሞ ያን ከፊል አቅም እንኳ ቀስ በቀስ ያጣዋል። ስለዚህ ልጅነቱን ቆላ አሳልፎ ጎንደር ከተማ የተማረ ወጣት "እኔ የመተማ ልጅ ነኝ፣ ወባ አይጥለኝም" ብሎ ያለ አጎበር ማደሩ አደገኛ ስሕተት ነው።

ሰውነቱ ወባን የማያውቅ ሕዝብ ላይ ወባ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከጎንደር ብዙ መራቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ጨርሷል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ በተከታዩ ዓመት በ1954 የተቋቋመው ይህ እልቂት ትኩስ በነበረበት ጊዜ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1958 ደግሞ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል በተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ሰዎች እንደታመሙና 150,000 እንደሞቱ ተገምቷል፤ አብዛኛው ጉዳት የደረሰው ወባ በየዓመቱ በማይገኝባቸው ከፍታ ቦታዎች ነበር። ዛሬም ነገሩ አልራቀም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በኢትዮጵያ በ2023 ከአራት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች የተመዘገቡ ሲሆን፣ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባሉት ወራት ብቻ ቁጥሩ ከ7.3 ሚሊዮን በልጦ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። የመድኃኒትና የአጎበር ሥርጭት በግጭት ሲስተጓጎል ወባ ወደማያውቃት ሰውነት የምትደርስበት መንገድ ይሰፋል።

ስለ ካላዛር ግን ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በጎንደር ምድር ይህን ያህል ወጣት የሚጎዳ ሆኖ እያለ ይህን ያህል ያልተወራለት በሽታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ ነፍሳት ናት። በመተማና በሁመራ ቆላ በበጋ በሚሰነጣጠቀው የዋልካ መሬትና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ የምትናከሰውም በሌሊት ነው። ቀን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ዛፍ ሥር ኩታውን ተከናንቦ የሚተኛው የቀን ሠራተኛ ለእርሷ የተመቸ ነው። ስትነድፈው ሌይሽማንያ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ቆዳው ውስጥ ትተዋለች።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ስለ በሽታ መከላከል ያለንን ቀላል አስተሳሰብ የሚያፈርስ ነው። ማክሮፋጅ የሚባሉት ትልልቅ ነጭ ሕዋሳት እንደ ወትሮው ባዕዱን አግኝተው ይውጡታል። ሌይሽማንያ ግን ሌሎች ተሕዋስያን በሚሟሙበት በዚያ አሲዳማ ከረጢት ውስጥ ቅርጹን ለውጦ ይኖራል፣ ይራባል። ሕዋሱ ሲሞላ ይፈነዳል፤ የወጡትን ሌሎች ማክሮፋጆች ይውጧቸዋል፤ እንዲህ እያለ ከቆዳ ወደ ጉበት፣ ወደ መቅኔና ወደ ጣፊያ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ የሰውነት አንቲቦዲ የማምረት ሥራ አልቆመም፤ እንዲያውም በካላዛር የታመመ ሰው ደም በአንቲቦዲ የተሞላ ነው። ጥቅም ግን አይሰጥም፤ አንቲቦዲ በደም ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ተሕዋሱ ደግሞ በሕዋስ ውስጥ ተቀምጧል። በሽታውን ለመለየት የሚያገለግለው ፈጣን ምርመራ የሚያገኘው ይህንኑ ያልጠቀመ አንቲቦዲ ነው። ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም አንቲቦዲው ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ በሽታው ማገርሸቱን ለመለየት ያው ምርመራ አያገለግልም።

ሌይሽማንያን የሚያሸንፈው የቲ ሕዋሳት ትእዛዝ ነው። ተሕዋሱን የለዩ ቲ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ኬሚካል ሲልኩ፣ ተሕዋሱን ይዞ ተኝቶ የነበረው ማክሮፋጅ ይነቃና በውስጡ ያለውን በመርዛማ የናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ይገድለዋል። ይህ ትእዛዝ በወቅቱ የደረሰለት ሰው አይታመምም፤ በዝንቧ ተነድፈው ተሕዋሱ ከገባባቸው ሰዎች መካከል አብዛኞቹ እንዲህ ሳያውቁት ያልፉታል፤ ብዙውን ጊዜም ጠንካራ መከላከያ ይዘው ይቀራሉ። ቆላ ተወልዶ ያደገው ሰው ይህን ትምህርት ምናልባት በልጅነቱ ጨርሷል። ደገኛው ግን በሃያ ዓመቱ፣ ያውም በደከመበትና በተራበበት ወቅት ይጀምረዋል።

ትእዛዙ ያልደረሰለት ሰው ምን እንደሚሆን የሐኪሙ እጅ ይነግረናል። ጤናማ ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ ስለሚኖር በመዳሰስ አይገኝም። የካላዛር ሕመምተኛ በጀርባው ተኝቶ ሐኪሙ ከታች ወደ ላይ እየተጫነ ሲዳስስ ግን፣ አንዳንዴ ገና ከእምብርቱ አጠገብ የጣፊያው ጠንካራ ጠርዝ እጁን ይገጥመዋል። ፊቱ የገረጣ፣ ክንዱ የቀጠነ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልለቀቀው ትኩሳት ያለበት ወጣት ነው። ሳይታከም ከቀረ ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ሕክምናው ለ17 ቀናት በየቀኑ በመርፌ የሚሰጡ ሁለት መድኃኒቶችን ይጠይቃል፤ መርፌው ያማል፣ መድኃኒቱም ጠንካራ ነው፤ በወቅቱ የደረሰ ሕመምተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ታዲያ ከተነደፉት መካከል አንዱ የሚታመመው፣ ሌላው የማይታመመው ለምንድን ነው? የዘር ውርስ ድርሻ አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታወቃሉ። አንደኛው ምግብ ነው። ቲ ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ ሺህ እንዲባዙ ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ብረትና ቫይታሚን ኤ ያስፈልጋቸዋል፤ ለሳምንታት ማሽላ ብቻ እየበላ በሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ የሚያርም ሰው አካሉ የሚያገኘውን ሁሉ ለጉልበት ያውለዋል። በሽታው ደግሞ በተራው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወርዳል። ሁለተኛው ኤች አይ ቪ ነው። ቫይረሱ የሚያጠፋቸው ትእዛዝ ሰጪዎቹን ቲ ሕዋሳት ራሳቸውን ስለሆነ፣ ካላዛርና ኤች አይ ቪ አንድ ላይ የያዙት ሰው ታክሞ ቢሻለውም በሽታው ደጋግሞ ያገረሽበታል።

እንግዲህ በከተማው ሱቆችና በማኅበራዊ ሚዲያ "ኢሚዩኒቲ ይጨምራል" እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና ሽሮፕ በዚህ መነጽር መመልከት ይገባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ማርና ፌጦ የምንወዳቸው ምግቦቻችን ናቸው፤ ጉንፋን ለያዘው ሰው ትኩስ ነገር ማጠጣትም መልካም ነው። ነገር ግን ወባን ወይም ሌይሽማንያን ላላየ ሰውነት የሚያሳውቅለት ዱቄት የለም። የጎደለው ንጥረ ነገር ካለ መሙላት ይጠቅማል፤ ባልጎደለው ላይ መጨመር ግን አቅምን አያበዛም። ከዚህም አልፎ መከላከያው ሁልጊዜ ቢበረታ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ራሱ ትክክል አይደለም። አስምና ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም የሚመጡት መከላከያው ያለ ቦታው ሲበረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ሆስፒታል በገቡ ሕመምተኞች ላይ በተደረገው ትልቅ የብሪታንያ ሙከራ፣ ዴክሳሜታሶን የተባለው ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕመምተኞች መካከል የሞቱትን በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል፤ የዚህ መድኃኒት ሥራ ደግሞ የበሽታ መከላከል ሥርዓትን ማቀዝቀዝ ነው።

በሽታው ሳይገጥመው ሰውነት ጥበቃ የሚያገኝባቸው የታወቁ መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ከእናት የሚገኘው ነው። እናት ያካበተችው አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ከወለደች በኋላም እንገር በሚባለው ቢጫማ የመጀመሪያ ወተት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ቆላ የኖረች እናት የወለደችው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወባ በተወሰነ ደረጃ የሚጠበቀው በከፊል በዚህ ነው። በገጠሩ የጎንደር ክፍል ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስና እንገሩን አልቦ መድፋት እስከ ዛሬ ያልጠፋ ልማድ በመሆኑ፣ እናትየው በእንገሩ ልታወርስ የምትችለውን ሳታወርስ ትቀራለች፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ክትባት ነው፤ በዚህ በኩል ኩፍኝ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የኩፍኝ ቫይረስ የቀድሞ በሽታዎችን ትውስታ የያዙትን ሕዋሳት እየፈለገ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ያልተከተቡ ሕፃናት ኩፍኝ ከያዛቸው በኋላ ከቀድሞ አንቲቦዲያቸው ከ11 እስከ 73 ከመቶ የሚሆነውን አጥተዋል። ስለዚህ ልጁ ከኩፍኙ ቢተርፍም ከሳንባ ምችና ከተቅማጥ ጋር እንደ አዲስ ይገናኛል። በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር የሚሰጡት ሁለት ክትባቶች በግጭት ምክንያት በተቋረጡባቸው ቀበሌዎች የሚደርሰው ጉዳት በኩፍኝ መዝገብ ላይ ብቻ ተፈልጎ አይገኝም።

ለካላዛር እስካሁን ሰው የሚከተበው ክትባት የለም። ለወባ ሁለት ክትባቶች በ2021ና በ2023 በዓለም ጤና ድርጅት ተቀባይነት ቢያገኙም የተዘጋጁት ለሕፃናት ነው። ስለዚህ ለሃያ ዓመቱ የቀን ሠራተኛ ሰውነቱ የማያውቀውን ከሰውነቱ ማራቅ ነው የሚቀረው፤ ይህም ለእርሱ ለብቻው የሚተው ጉዳይ አይደለም። በእርሱ ጉልበት ሰሊጥ የሚያስለቅም ባለሀብት ከቀን ሒሳቡ ጋር በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታና ባቄላ ወይም ምስር የማይለየው ምግብ ማቅረብ የውሉ አካል ሊሆንበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ታምሞ ሥራ ያቆመ ሠራተኛ ሒሳቡን ተቀብሎ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ መፍቀድም እንደዚሁ፤ ብዙዎች ሳይታከሙ የሚቆዩት ሒሳባቸው እንዳይቀር ሲሉ ነውና።

ከሁሉ በላይ የተዘነጋው ግን የመመለሻው ወቅት ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ካላዛር ደግሞ ከንድፊያው እስከ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይወስድበታል። ታኅሣሥ ላይ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ወጣት ሚያዝያ ላይ ሲታመም እርሱም ቤተሰቡም ከቆላው ጋር አያገናኙትም፤ የሚያየው የጤና ባለሙያም ላያገናኘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ከመታወቁ በፊት ሰዎች መድኃኒት የተላመደ ወባ ይዟቸዋል ተብለው ሲታከሙ ቆይተው ብዙዎች ሞተዋል። በየጤና ኬላው ትኩሳት ይዞት ለሚመጣ ወጣት "ባለፈው ዓመት ቆላ ወርደህ ነበር?" የሚለው ጥያቄ ከስሙና ከዕድሜው ጋር መመዝገብ ይኖርበታል። ወርዶ ከነበረና ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የወባው ምርመራ ነጻ ቢያሳይም ባያሳይም ጣፊያው ሊዳሰስ፣ የካላዛር ፈጣን ምርመራም ሊደረግለት ይገባል። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ነው፤ በበለሳም ሆነ በሊቦ ከምከም ጤና ጣቢያዎች፣ በተለይ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት፣ ሳይቋረጥ ሊኖር ያስፈልጋል።